የጅቡ እጆች

ጭራቅ መፍጠር እወዳለሁ። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር ካለ አንድ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ሳቆም የምውል ሰው ነበርኩ፤ ደብተሬ ውስጥ ግን አርባ ሦስት ጭራቆች ነበሩኝ። መኪና በማይመጣበት ሰዓት ትንሿ የጥበቃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለአንዱ ጥርስ እጨምርለታለሁ፣ ሌላውን ክንፍ እነሳዋለሁ። አለቃዬ የሒሳብ ትምህርት የምማር ይመስለው ነበር።

ጭራቆቹ የቅዳሜ ነበሩ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የአንዱ ባለቤት ምሳ አብቅቶ እራት እስኪጀመር ድረስ የጓሮ ክፍሏን ትለቅልን ነበር። አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ የታሪኩ ጀግኖች ይሆናሉ፣ ጀግኖቹ የሞከሩት ነገር ይሳካ አይሳካ ዳይስ የሚሉት፣ በሃያ ጎኑ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ተወርውሮ ይታወቃል። የምመራው እኔ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ጭራቅ አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ፤ ጉልበቱ ስንት ነው፣ በምን ይታወቃል፣ ምን ይፈራል፣ ምን ይፈልጋል።

ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ትልቅ ሰው ሲያስፈራ ማየት ዛሬም ይገርመኛል። ከመካከላችን አንዱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሽጉጥ ተደቅኖበት ያውቃል። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ከበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ተነፈሰ" ስል ግን ያ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ምንም የለም እኮ! በሩ የኩሽና በር ነው፣ ከጀርባው ያለውም ሽንኩርት ነው። እግዜር ዓለምን ሲፈጥር እንዲህ ተሰምቶት ይሆን እላለሁ ለራሴ፤ ወዲያው ድፍረቴ ያስደነግጠኝና አማትባለሁ።

ከአምስታችን አንዲት ጓደኛችን ነበረች፤ እንደ እሷ የሚጫወት አልነበረም። ፓልምስ የሚባል ሰፈር ከአባቷ ጋር የምትኖር፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ቡድኑን የሰበሰበችው እሷ፣ ጨዋታውን ያስተማረችኝም እሷ፣ ላገሩ እንግዳ ሆኜ ኮሪያታውን ሰፈር ከአራት ሰው ጋር አንድ ክፍል ስጋራ ሥራ ያገኘችልኝም እሷ ናት። እህት አለህ ወይ ብባል የምጠራው እሷን ነበር። ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ ግን አንድም ቀን ቤቷ ጠርታን አታውቅም። አባቴ እንግዳ አይወድም ትላለች፤ እኛም አልጠየቅንም።

አርባ አራተኛው ጭራቅ ቡዳ ነበር። የፈረንጆቹ ድራጎን ሰልችቶኝ የራሳችንን ላምጣ አልኩና፣ በልጅነቴ እናቴና ጎረቤቶቿ ሲያወሩ የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ቀን ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ሲለወጥ እጆቹ ብቻ የሰው ሆነው እንዲቀሩ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጠቆር ያሉ፣ እሳት የጠባበሳቸው የቀጥቃጭ እጆች። ሥዬ ስጨርስ ራሴን ሰቀጠጠኝ። እንደዚያ ያለ ጭራቅ ሠርቼ አላውቅም። "ምን ይፈልጋል" በሚለው ፊት "ሰው መብላት" ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ፤ ለቡዳ ሌላ ምን ይጻፋል?

ቅዳሜ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ጮኸ። እሷ ወረቀቱን ስባ ጮክ ብላ አነበበችው።

"'ምልክቱ፤ ቀጥቃጭ ነው። ቤቱ አትብላ፤ ልጁን አታግባ።' ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው እኮ። ተረት ነው" አልኳት።

"ኦኬ" አለች። ዳይሶቿን አንድ በአንድ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች። "አባቴ ቀጥቃጭ ነው። የአባቴ አባትም። ሶ፣ ልጁ እኔ ነኝ።"

ወንበሯን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች።

ሦስት ቅዳሜ ጨዋታ አልነበረም። ስደውል አታነሳም። ቴክስት ላደርግ እጀምርና አጠፋዋለሁ። "አላወቅኩም ነበር" ማለት ምን ይቅርታ ነው? የማላውቀው ሰው አባት ቢሆንስ ኖሮ ልክ ሊሆን ነበር? ጓደኞቻችን ጊዜ ስጣት አሉኝ፤ ጊዜ ከሰጠኋት ግን እንደማትመለስ ታውቆኝ ነበር። እህቴን በአንድ ገጽ ወረቀት ላጣት ነው። በአራተኛው እሑድ ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና አውቶቡስ ይዤ ፓልምስ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ አባቷ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ጭስ ማውጫ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አጠር ያሉ ሽማግሌ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያን እጅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ሆኖም የሣልኩት እሱን ነበር። ጠቆር ያለ፣ እሳት የጠባበሰው። ጨብጬው መልቀቅ አቃተኝ።

"የጅቡ ልጅ አንተ ነህ?" አሉኝ። "ግባ እንጂ።"

እሷ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

"በል ያን ነገር አንብብልኝ" አሉ ከተቀመጥን በኋላ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ፊት ልቅደደው ብዬ ነው የመጣሁት።"

"መጀመሪያ አንብበው። መቅደዱ የትም አይሄድ።"

አነበብኩ። "ልጁን አታግባ" ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ብዙ አዩት። "እጁን አሳምረኸዋል" አሉ። ከዚያ "ምን ይፈልጋል" የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ይቺ ግን ስህተት ናት።"

"ምን ነበር የሚፈልገው?" አልኩ።

"አገር ቤት ለገበሬው ማረሻ ሠርቼለት፣ ደጁ ቆሜ ውሃ ስጠይቀው ውሃውን በቅጠል ነበር የሚሰጠኝ፤ ዋንጫውን እንዳልነካበት። ድግስ ሲኖር ለብቻዬ በረቱ ጥግ ያቀርቡልኛል። ሳቃቸው ይሰማኛል። እስቲ አሁን ጅብ መሆን ብችል ሰው እበላ ነበር? ከሰው ጋር ነበር የምበላው!" ብለው ሳቁ። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። እኔም እዚህ ማን ያውቀኛል ብዬ ሎስ አንጀለስ ድረስ መጣሁ። ይኸው አንተ ተከትለኸኝ መጣህ።"

እኔ ራሴን ፈጣሪ አድርጌ ስኮፈስ ኖሬአለሁ። ይህን ጭራቅ ግን እኔ አልፈጠርኩትም። ከእኔ በፊት ስንት ሰው፣ እናቴም ጭምር፣ ያለ ደብተር ያለ ዳይስ እኚህ ሰው ላይ ፈጥረውት ነበር። እሳቸው ደግሞ ያን ሁሉ ተሸክመው ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ልጅ አሳድገው፣ ፊቴ ተቀምጠው ይስቃሉ። እንደዚያ ቀን ሰው አስደንቆኝ አያውቅም።

ልጅቷ ፍርፍር በአንድ ትሪ አመጣችና ከፊታችን ተቀመጠች። "ብላ" አሉኝ።

እጄ ዘገየ። ያችን ታህል ናት፤ የዐይን ጥቅሻ። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ቤቱ አትብላ የሚለው የእናቴ ድምፅ እጄን ትሪው አፋፍ ላይ ያዘው። ተረት ነው ያልኩት ነገር ለካ ክንዴ ውስጥ ይኖራል። ሽማግሌው አዩ።

"አይዞህ" አሉኝ ቀስ ብለው። "እኔም ጅብ እፈራለሁ።"

በላሁ። ዕንባዬን በበርበሬው አሳበብኩ፤ እሳቸውም አመኑኝ ወይም ያመኑ መሰሉ። እጄ መዘግየቱን ልጅቷ አይታ እንደሆነ አላወቅኩም። ስወጣ በሩ ላይ ወረቀቱን መለሰችልኝ። "አስተካክለው" አለች። "እመጣለሁ ግን አላልኩም።"

ቅዳሜ መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ የዳይስ ከረጢቷ እንደታሰረ ነው። እኔ ጀመርኩ። ጀግኖቹ ጫካ ውስጥ እሳት አንድደው ሥጋ እየጠበሱ ነው። ብርሃኑ በሚያልቅበት ቦታ አንድ ጅብ መጥቶ ቁጭ አለ፤ እጆቹ የሰው እጆች ናቸው።

"ቀስቴን አወጣለሁ" አለ ታክሲ ነጂው። ሌላኛው ጎራዴውን መዘዘ።

"ቆይ" አለች እሷ። "ምን ይፈልጋል?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ጭራቄ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀኝ ተጫዋች አልነበረም። "ምግቡን እያየ ነው" አልኩ።

"ሶ፣ ቁርበት አነጥፍለታለሁ። እዚህ፣ አጠገቤ። ና ብላ እለዋለሁ። ምን ያደርጋል?"

ገጹን አየሁ። ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ ንክሻው ተጽፏል፤ ለዚህ የሚሆን ቁጥር ግን የለም። ቀና ስል ዐይኗ ፊቴ ላይ አልነበረም። እጄን ነበር የምታየው።

"መጀመሪያ" አልኩ፣ "እጁ ዘገየ።"

ጠበቀችኝ።

"ከዚያ በላ።"

ከረጢቷን ፈታችና ዳይሶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።