በረዶ ውስጥ የቀበርኩት ብልቃጥ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ፣ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ነው። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ቀጥሎ አፍራለሁ። ለአንድ ሰው ያለኝ አክብሮት ግን እያደር ይጨምራል።

የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ከዘይነባ ጋር ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆኖን ልጅ አልወለድንም። ሰፈሩ ሁሉ «መካን» የሚላት እሷን ነበር። ልጅ ሲወለድ የሚደገሰውን አቂቃ እንኳ መሄድ ትታ ነበር፤ ሴቶቹ «ያንቺስ መቼ ነው?» ይሏታላ። እናቴም ማጀቴ ከተማ ሌላ ሴት አጭታልኝ፣ ዘይነባን የምፈታበት ቀን ለዓርብ ተቆርጦ ነበር። ለሽማግሌዎቹም ተነግሯል።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ጀማል የሚባሉ ተመራማሪ መናኸሪያ መጡ። የዚሁ የይፋት ልጅ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የወንድን ዘር ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ የሚመረምሩት የቆላው ሐሩርና የሞተሩ ሙቀት የሹፌርን ዘር ምን እንደሚያደርገው ነበር። ናሙና የሚሰጥ ሹፌር ሲጠይቁ መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። «ዶክተር፣ ሌላ ሥራ አጡ እንዴ?» ያላቸውም አለ። እሳቸው አብረው ይስቃሉ፤ በነጋታው ግን ተመልሰው መናኸሪያው ውስጥ ካለችው ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው።

ሰኞ ዕለት እኔ ሄድኩላቸው። ለሳይንስ አስቤ እንዳይመስላችሁ። ጤነኛ መሆኔን በወረቀት አስመስክሬ ሽማግሌዎቹ ፊት ለመዘርጋት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ብልቃጥ ሰጡኝና ናሙናውን ከቤቴ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዳመጣ ነገሩኝ። ስለ አያያዙም ብዙ ብለውኝ ነበር፤ ከኀፍረቴ የተነሳ አልሰማኋቸውም። እኔ ደግሞ የጫንኩት ቲማቲም ጣርማ በር ደርሶ ብርድ እስኪያገኘው ድረስ ልቤ የማይረጋ ሰው ነኝ። በረዶ ገዝቼ ፌስታል ሞላሁና ብልቃጡን መሀሉ ቀበርኩት።

ዶክተር ጀማል ብልቃጡን ተቀብለው ማይክሮስኮፓቸው ላይ ብዙ ቆዩ።

«አንድም የሚንቀሳቀስ የለም» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህንኑ ጽፎ ይሸኘኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣ «ሰይድ፣ በምን ይዘኸው መጣህ?» አሉኝ።

ፌስታሉን በኩራት አሳየኋቸው። «በበረዶ ነዋ! በዚህ ሙቀት እንዳይበላሽብኝ ብዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄ ቲማቲም መሰለህ? በብርድ ጨረስካቸው እኮ! ከአራት ቀን በኋላ ይደገማል። ያኔ ብብትህ ሥር ሸጉጠኸው ና።»

አራተኛው ቀን ያው ዓርብ ነው። በጠዋት ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ። አይተው ሲጨርሱ ለእኔም አሳዩኝ። ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ወደፊት አይሄዱም።

«በሕይወት አሉ፤ ግን ደካሞች ናቸው። ሕክምና እንሞክራለን፣ ኢንሻአላህ። ሚስትህስ ተመርምራለች?»

«ሦስት ጊዜ። ምንም የለብሽም ተብላለች።»

«አንተስ?»

«ያሁኑ የመጀመሪያዬ ነው።»

ማይክሮስኮፑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ፣ «እኔም በወጣትነቴ ሚስቴን መካን ናት ብዬ ፈታኋት» አሉኝ። «አጣዬ ከተማ ሌላ ባል አግብታ አራት ወለደች። እኔ እስከ ዛሬ የለኝም። ይህን ትምህርት የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ለሚመጣ ወንድ ሁሉ ይህን ሳልነግር አልሸኝም።»

ያን ያህል የተማረ ሰው ጥፋቱን ለአንድ የአይሱዙ ሹፌር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ለመናዘዝ ድፍረቱን ያገኘሁት ከእሳቸው ነው።

ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹና እናቴ ተቀምጠዋል። ዘይነባ ጓዳ ሆና ልብሷን ትሸክፋለች። ዶክተር ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት አወጣሁና «እማ፣ ጉድለቱ የኔ ነው። እሷ ምንም የለባትም» አልኩ። እናቴ «አስተግፊሩላህ» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። «ሰባት ዓመት፣ ሰይድ!» ብቻ አለች። ያ ንግግሯ ዛሬም ያመኛል።

ልጅ ገና አልወለድንም፤ ሕክምናውንም አላቋረጥኩም። የመናኸሪያ ሹፌሮች «ባለ በረዶው» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እየሳቅሁ ወደ ዶክተር ጀማል እልካቸዋለሁ። እሳቸውን መንገድ ላይ ካየሁ ከመኪናዬ ሳልወርድ ሰላም አልላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት አቂቃ ነበር። ዘይነባ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው «ያንቺስ መቼ ነው?» ሲሏት፣ «ባሌን ጠይቁት» ብላ ምግቧን መብላት ቀጠለች አሉ።

ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።