የሻሽ ልጆች

ይህን ነገር እናቴ አታውቅም፤ ንስሐ አባቴም አያውቁም። ለእናንተ መናገር የቻልሁት ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

የምሠራው ከሰባታሚት መንደር ወዲያ ባለ አንድ የአሳማ እርባታ ነበር። ሥጋው የሚሸጠው ከተማው ውስጥ ሐይቁ ዳር ላሉ ሆቴሎች ነው። ለእናቴ ዶሮ እርባታ ነው ያልኋት። አሳማ ስነካ እንደምውል ብታውቅ ከእጄ ውኃ አትቀበልም ነበር።

ለዘር የተያዙ፣ ንጹህ ዝርያ የሆኑ ሁለት ነጫጭ ወንድ አሳማዎች ነበሩ። አንዱን አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ጋሼ አያሌው በጡጦ ያሳደጉት ነው፤ ሻሽ ይሉታል። የገዛ ልጃቸው በሥራቸው አፍሮ ከቤታቸው ከቀረ ቆይቷል። "ይኸ እንኳ አያፍርብኝም" እያሉ ጀርባውን ያኩለታል።

የእርባታው ባለቤት የሁለቱን አሳማዎች ልጆች በአንድ ዓይነት መኖ አሳድጎ፣ አርዶ ሥጋቸውን ሊያይ አሰበ። ልጆቹ የበለጡለት ለዘር ይቀራል፤ ሌላው ይታረዳል። የእኔ ሥራ ግልገሎቹ እንደተወለዱ፣ ሳይቀላቀሉ፣ የጆሯቸውን ጫፍ ቆርጦ ምልክት ማድረግ ነበር፤ የሻሽን ልጆች ቀኝ ጆሮ፣ የሌላውን ግራ።

ከሻሽና ከሌላው ያረገዙት ሁለት እናት አሳማዎች ጎን ለጎን ባሉ በረቶች የወለዱት በሚካኤል ዕለት ጠዋት ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትጠብቀኛለች። አሳማ ነክቼ፣ ደም ነክቼ እንዴት እገባለሁ? ስመለስ አደርገዋለሁ ብዬ ሄድሁ። በሁለቱ በረት መካከል ያለውን ሳንቃ እንኳ በደንብ አልገጠምሁትም። እናቴ አጠገብ ቆሜ አስቀደስሁ።

ስመለስ ግልገሎቹ ተቀላቅለው ከሁለቱም ይጠባሉ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። የማን እንደሆኑ ሳላውቅ ጆሯቸውን ቆረጥሁ። እኔ ነኝ የቆረጥሁ። እያንዳንዱ ሲጮህ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ቆረጥሁ።

ወራት አለፉ። ቀኝ ጆሯቸው የተቆረጠባቸው ሲታረዱ ሥጋቸው ስብ ብቻ ሆነ። ባለቤቱም ሻሽ ይታረድ አለ። ጋሼ አያሌው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ተሳስተሽ ይሆን?"

"አልተሳሳትሁም ጋሼ።"

"እሱስ፣ አንቺ ምን ትሳሳቻለሽ" አሉና ወደ በረቱ ዞሩ። "በል እንግዲህ ሻሽ፣ አንተንም ልጆችህ ጉድ አደረጉህ።"

ሻሽ ለሌላ ሰው አልወጣ ስላለ ራሳቸው መርተው ወደ ማረጃው አወጡት። ድምፃቸውን ሰምቶ ተከተላቸው። በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ።

ፈርቼ ነው ልበል? ዓይን አፋር ነኝ ልበል? ዓይን አፋርነት ዝም ያሰኝ ይሆናል እንጂ "አልተሳሳትሁም" ያሰኛል? ሻሽ የተሻለው እንደነበር እንኳ አላውቅም። ማንም እንዳያውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ አያሌው ዛሬ ሐይቁ ዳር የጀልባ ዘበኛ ናቸው። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሥተው "ልጄ፣ ደኅና ነሽ?" ይሉኛል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። በሚካኤል ዕለት ከደጅ ቆሜ ነው የማስቀድስ። እናቴ ለምን አትገቢም ስትለኝ፣ አንቺ ግቢ እላታለሁ።

እናንተ ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የጋሼ አያሌው ነው። እሳቸውን ደግሞ ገና አልጠየቅኋቸውም።