ሽማግሌ ጭኜ ወደ ቡታጅራ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሀና ማርያም

ለታናሽ ወንድሜ ለኤርሚያስ ሚስት የሚጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ ወደ ቡታጅራ ተነሳሁ። የልጅቷ አባት ባለፈው ወር ሽማግሌዎቹን "እናስብበት" ብለው መልሰዋቸዋል። ዛሬ የቀጠሩን ለአራት ሰዓት ነው፤ ሰዓት የማያከብር ሰው እንደማይወዱ ደግሞ ሀገር ያውቃል። መኪናዬን ማታ ደጃፌ ያለው ላቫጆ ወስጄ ሞተሯ ሳይቀር አሳጥቤያታለሁ። ሽማግሌ በቆሻሻ መኪና አይሄድማ!

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጀሞ

ዳገቱ ላይ መኪናዋ እምቢ አለች። ነዳጅ ስሰጣት ታጓራለች እንጂ አትስብም። ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን እያንባረቁብን አለፉ። ሽማግሌዎቼ ወዲያው ሜካኒክ ሆኑ።

"ፓምፑ ሞቷል" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"የምን ፓምፕ! ፍሪሲዮን ነው። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ እኮ!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

እኔ ደግሞ ሞተሩ ሊወርድ ነው ብዬ የጥገናውን ወጪ ማስላት ጀመርኩ። የከፈተ ጋራዥ ስላልነበረ አንድ የተዘጋ ጋራዥ ደጃፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ተገተርን። በመጨረሻ ሙዲን የሚባል ሜካኒክ መጥቶ ጋራዡን ከፈተ።

"ሞተሩ ይውረድ እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ተረጋጊ እህቴ! መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንይ።"

ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን መዞ በጨርቅ ጠርጎ አየ። ውሃውን አየ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅነቅ አደረገ፣ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ተጫነ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ አየር የሚገባበት ቱቦ ውስጥ እጁን ሰደደና ጥቁር ፌስታል መዞ አወጣ።

"ይሄን ማን አጎረሳት?"

እኔ ነኝ። ሲያጥቧት ውሃ እንዳይገባ ብዬ በገዛ እጄ ወትፌ ረስቼዋለሁ። ጋሽ ደምሴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሙዲን "ለፌስታል አላስከፍልም፣ ለሰርጉ ጥሩኝ" ብሎ ሸኘን።

አምስት ሰዓት፣ ቡታጅራ

ከዓለም ገና በኋላ መኪናዋ በረረች። አምባሻ እየቆረስን፣ አረንጓዴውን ማሳ እያየን ጢያን አለፍን። ጋሽ ወልዴ "መንገድ ተዘግቶ ነው እንላለን" ብለው ሰበብ አዘጋጁ።

አባትየው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። በልማዳችን ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥምና ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆምን።

"ምን አስቀራችሁ?"

ጋሽ ወልዴ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው። "አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብዬ የፌስታሉን ጉድ ዘረገፍኩ።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። "ወንድምሽም ጥፋቱን እንዲህ ይናገራል?"

"እሱማ ያላጠፋውንም ይቀበላል፤ የቤታችን ችግር ይኼ ነው።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። "በሉ፣ ቁጭ በሉ!" አሉ። ከጓዳ እልልታው ቀለጠ፤ ክትፎው ከነቆጮው ቀረበ። እንዲህ ተደስቼ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም።

ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ሀና ማርያም

ችግር ሲገጥመኝ ከትልቁ መነሳት ልማዴ ነበር። ከእንግዲህ ከቀላሉ፣ በተለይም ከገዛ እጄ እጀምራለሁ።

ኤርሚያስ ቀኑን ሙሉ ሲደውል ሆን ብዬ ስልኩን አላነሳሁለትም። በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"ቁጭ በሉ አሉን" አልኩት።

ያ ዘንካታ ወንድሜ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።