የባሕረኛው ጨው

እናቴ የአምቦ ውሃን አረፋው ሳያልቅ አትጠጣም። ጠርሙሱ ሲከፈት ፊቷን ታዞራለች። ብርጭቆው ውስጥ የሚንጫጫው ሁሉ ጸጥ እስኪል ትጠብቅና ውሃው እንደ ጉድጓድ ውሃ ሲተኛ ነው አንስታ የምትጎነጨው። ልጆቼ «ታዲያ ለምን ጋዝ የሌለበትን አንገዛላትም?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከመስተዋት ጀርባ ሽቅብ የሚወጣ አረፋ ባየሁ ቁጥር ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ የነበረው ባሕር ይመጣብኛል።

አዎ፣ ባሕር ነበረን። አምቦ ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ስትባል፣ ጎረቤቶቻችን በግና ዶሮ ሲያረቡ፣ የእኛ ቤት ቀይ ባሕርን ያኖር ነበር። አባቴ ደምሴ በወጣትነቱ ምጽዋ፣ ጭነት መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። ደረቱን ታሞ ሐኪሞቹ ከመርከብ ሲያስወርዱት፣ ዘመዶቹ ፍል ውሃው ያሽረው ይሆናል ብለው አምቦ አመጡት። ሳይድን ሳይብስበት እናቴን አገባና እዚያው ቀረ። ሰፈሩ «ባሕረኛው» የሚል ስም አወጣለት። ባሕር ያየ ሰው በሰፈሩ ስላልነበረ ስሙ ግማሹ ፌዝ ነበር፤ አባቴን ያንገበገበውም ይኸው ይመስለኛል።

ገንዳውን ራሱ ነው የሠራው፤ ከመስኮት መስተዋትና ከአሮጌ አልጋ ብረት። ጠርዙን በስቱኮ ደፍኖ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ሲያፈስ እንደገና እየደፈነ ስንት ጊዜ ቤታችንን አጥለቀለቀው። የባሕሩን ውሃ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወዳጁ ከምጽዋ በሰሌን በተጠለፉ ትልልቅ ጠርሙሶች እያመላለሰ አመጣለት። በመጨረሻ ዓሦቹ መጡ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ አልቀው የደረሱት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያላቸው ናቸው፤ ሦስተኛዋ እንደ አዲስ የቀለም ብልቃጥ ሰማያዊ ነበረች። ያን ቀን በባሕረኛው ያፌዙ የነበሩ ሰዎች ደጃችን ላይ ተሰልፈው ገቡ።

ባሕርን አምቦ ላይ በሕይወት ማቆየት ሕፃን ከማሳደግ ይብሳል። ብርዱ እንዳይጎዳቸው ማታ ማታ ከገንዳው ሥር ፋኖስ ይበራል። ለትንፋሻቸው ደግሞ አባቴ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ በብስክሌት ፓምፕ እየነፋ፣ አየሩ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ውሃው እንዲገባ አድርጎ ነበር። ጉልቅ፣ ጉልቅ የሚለው የዚያ አረፋ ድምፅ እስከ ዛሬ እንቅልፌን ያመጣዋል። ቤታችን ላምባ፣ ዝገትና ጨው ይሸት ነበር። የጨውን ልክ የሚያውቀው ደግሞ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር፤ ውስጧ ለክብደት የእርሳስ ብረት ከቶ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር አስሮባታል። ብልቃጧ ውሃው ላይ ቆማ ትንሳፈፋለች። ክሩ ከውሃው በላይ ከወጣ ጨው በዝቷል፣ የዝናብ ውሃ ይጨመራል። ከሰጠመ ጨው አንሷል ማለት ነው። «የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው አይተንም፣ ጨው የትም አይሄድም» ይለን ነበር።

እናቴ ጥሩነሽ ገንዳውን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። «ጣውንቴ ዛሬ ጉበት በላች፣ እኔ ሽሮ» ትላለች፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። በሁዳዴ ሰፈሩ በሙሉ ዓሣ ጾም ነው አይደለም እያለ ሲከራከር፣ የእኛዎቹ ዓሦች ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ተቀልዶብናል። አባቴም ይስቃል። ሲስቅ ግን ሳሉ ይቀድመውና ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ጓሮ ይወጣል።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ሳሉ ደም አመጣ፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲገባ ተወሰነ። ከመሄዱ በፊት እናቴን አጠገቡ አስቀምጦ ሁሉንም አስተማራት፤ ፋኖሱን፣ ጎማውን፣ ብልቃጧን። አውቶቡስ ላይ ወጥቶ በመስኮት ብቅ አለና «ጥሩዬ፣ ትንፋሻቸውን አደራ» አላት። እሷም «ለእኔስ አደራ የለኝም?» ብላ ሳቀችበት። ቤት ስንደርስ ግን ገንዳው ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጣውንቴ የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማሁም። ዓሦቹ ከኖሩ እሱም ድኖ ይመለሳል ብላ ልቧ ውስጥ አስራ ነበር። አፍ አውጥታ ባትነግረኝም፣ ጠዋት ስትነሳ ከመስቀሏ ቀድማ ገንዳውን ስታይ አውቅባት ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጉልቅ ጉልቁ ጠፋ። ጎማው ተቀዶ ወለሉ ላይ ተልፈስፍሷል። እናቴ ተሸክማው ወደ ጎሚስታው ሮጠች፤ እሱ ደግሞ ለልቅሶ እንጭኒ ሄዷል። ስትመለስ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። በጣሳ ውሃ ከገንዳው እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን ማፍሰስ ጀመርን። ውሃው ሲወርድ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ሲበዛ ዓሦቹ ትንሽ ወረድ ይላሉ። ስናርፍ ይመለሳሉ። እኔ ደከመኝና ተቀመጥኩ። እናቴ ክንዷ ዝሎም ትቀዳለች።

በሬ እያደለቡ የሚሸጡት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በዚህ መሐል ገቡ። ዱላቸውን ተደግፈው አዩንና አዘኑ።

«ጥሩነሽ፣ እጅሽን ለምን ትገያለሽ?» አሉ። «ሆራው አለ አይደለም እንዴ? ዋቃዮ ራሱ ያፈላው ውሃ ነው። ጨው አለው፣ አረፋ አለው። ከብቱ እሱን ጠጥቶ አይደለም እንዴ የሚወፍረው? ሰውስ ከስንት አገር መጥቶ የሚድንበት?»

እናቴ ጣሳውን ይዛ ቆመች። ሆራ የምንለው መሬት ሰንጥቆ እየተንተከተከ የሚወጣውን የአገራችንን ውሃ ነው። እንኳን እሷ፣ አምቦ ውስጥ ያን ውሃ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ልጅ ሆዱን ሲያመው እሱ ነው፤ ከብት ሲከሳ እሱ ነው፤ አባቴም የመጣው ለእሱ ነው። እንስራዋን አዝላ ወጣች።

የገንዳውን እኩሌታ ቀድታ ሆራውን ስትሞላ የብልቃጧ ቀይ ክር ሰጠመ። እናቴ የተማረችውን አልረሳችም፤ ጨው ወቅጣ፣ በሆራው በጥብጣ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ክሩ ከውሃው ጋር እኩል እስኪሆን ጨመረች። ልኩ ደረሰ። መስተዋቱ በሙሉ በጥቃቅን አረፋ ተሸፈነ። ሰማያዊዋ ዓሣ ከጥግ ጥግ ትሮጥ ጀመር። «አየሽ፣ ነፍስ ዘራች» አለችኝ እናቴ፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ትንሽ ቆይቶ ሩጫው ቆመ። አንዱ ሸንተረራም እንደ ሰከረ ሰው በጎኑ ዘመመ፣ ሌላው ተከተለው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሦስቱም አረፋው መሐል ተኝተው ነበር።

«ጥሩነሽ ጣውንቷን ቀበረች» ተባለ ሰፈር ውስጥ። ሰው በክፋት አልነበረም የሚለው፤ ቀልዱን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አብራቸው አልሳቀችም። ቀልዱ አባቴ ጆሮ ከደረሰ ምን ይላል እያለች እህል አልወርድ አላት።

አባቴ ሲመለስ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። ሐኪሞቹ ለምን ወደ ቤቱ እንደመለሱት ስናየው ገባን። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ገንዳው ዘንድ ሄደ፤ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና «ሆራ ነው?» አለ።

«ትንፋሽ እንዲሆናቸው ብዬ ነው» አለች እናቴ። «ልኩ ደርሶ ነበር። ብልቃጧ መስመሯ ላይ ነበረች።»

አባቴ ገንዳው አጠገብ የቀሩትን ሁለት ጣሳዎች አያቸው። «በጣሳ ስትቀጂላቸው ነበር?»

«ክንዴ እስኪዝል።»

«እሱ ይበቃቸው ነበር» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ ውሃውን በነጠላ እያጠለለ በትልቅ ድስት አፈላው፤ ደርቆ ጨው እስኪሆን። የቀረውን ትሪ ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ሲደርቅ በቆርቆሮ አድርጎ ለእናቴ ሰጣት። «ለወጥ ይሁንሽ» አላት። ያን ሰሞን ወጣችን በባሕሩ ጨው ነበር የሚሠራው። ትንሽ ይመር ነበር። አባቴ ይበላል፣ እናቴም ትበላለች፣ እኔም እነሱን አይቼ እበላለሁ። ጨዉ ሳያልቅ እሱ አለቀ። እናቴ የተረፈውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ጨርቁን ቀድዳ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።

በኋላ ትምህርት ቤት፣ የሆራው አረፋ ፍጡር የሚተነፍሰው አየር ሳይሆን ተንፍሶ የሚያወጣው እንደሆነ ተማርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብርጭቆዋን እንዴት እንደምትይዝ ሳይ ግን ሳይነግሯት ያወቀችው ይመስለኛል።

ዛሬ አዲስ አበባ ባንክ ቤቱም ሆቴሉም በመስተዋት ባሕር አለው። አየሩን የሚነፋው መብራት ነው፤ ዓሣው ሲሞት ሠራተኛው በመረብ ያወጣና ሌላ ይጨምራል፣ ወረፋ የያዘ ሰው ስልኩን ያያል። አምቦም ባጃጁ በዝቶ ሰፈራችንን ለማግኘት መጠየቅ ሆኗል። እናቴ ደም ግፊት ይዟት ጨው ከተከለከለች ቆየች።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄጄ፣ ሳጥኗን አስከፍታ ያቺን ቋጠሮ አወጣችልኝ። እርጥበት ስቦ ጨርቁ ረጥቦ ነበር። እየፈታችው፣ «ይቅር ብሎኝ ነው የሰጠኝ፣ ወይስ እየበላሁ ጥፋቴን እንዳስታውስ?» አለች። ይህን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን መልሱን ከእኔ አልጠበቀችም። በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ዘረጋችልኝ።

«እኔ ተከልክያለሁ። ቅመሽልኝ፣ ይመራል?»

ቀመስኩት። ያው የድሮው ምሬት ነው፤ ምላሴን ያዘኝ።

«አይመርም፣ እማዬ» አልኳት። «ጨው ብቻ ነው።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጨርቁን እንደገና ቋጠረችና ሳጥኑን ዝጊልኝ አለችኝ።