የቆሎው ረድፍ

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ካዛንቺስ ቤታችን እሁድ እሁድ ቆሎ ሲቀርብ ቶሎ አያስበሉም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የማጠናው ዝገትን፣ ማለቴ የብረት ኦክሳይድ ገጽን እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ፣ ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩታል፤ ሽምብራው የብረት አተም፣ ገብሱ ኦክስጅን። ከዚያ የላይኛውን ረድፍ አንስተው ይቅሙና፣

«ጎረቤቶቻቸው ሄዱ። ከላይ የቀሩት አሁን ምን ይሆናሉ?» ይሉኛል።

«ወደ ውስጥ ጠጋ ይላሉ፣ ጋሼ።»

መልሱን ያውቁታል። ግን በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ ስመልስ ረድፉን በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል።

ሰፈሩ መፍረስ ሲጀምር በስተግራችን ያሉት ጎረቤቶች በሙሉ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የዚያን እሁድ ጋሼ ቆሎውን አልደረደሩም። በመስኮቱ ፍርስራሹን ሲያዩ ቆዩና፣ «አንቺም ጠጋ በይ እንጂ» አሉኝ። ወደ ላቦራቶሪ እቸኩል ስለነበር ሳቅ ብዬ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ዐረፉና ቂርቆስ ቀበርናቸው። ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ብቻዬን ቆሎውን እንደ እሳቸው ደረደርኩ። የላይኛውን ረድፍ አነሣሁ፤ መብላት ግን አልሆነልኝም። ወንበሬን ስቤ ከባዶው ወንበራቸው ጋር አገጣጠምኩት።

«ጠጋ አልኩ እኮ፣ ጋሼ።»