የድምፅ ማፈኛው ማመልከቻ

ነስሮ የሚኖረው ሐረር፣ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ውስጥ። የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። በዙሪያው ጫትና ማሽላ የሚያለማ ገበሬ ሞተር አልነሳ ሲለው ባጃጅ ላይ ጭኖ ያመጣለታል፤ ነስሮ ጆሮውን ወደ ብረቱ ጠጋ አድርጎ ጥቂት ያዳምጥና "እዚህ ጋ ነው ያመመው" ይላል። ሲሳሳት ያየ የለም ማለት ይቻላል።

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁጥብ ሰው። አንድ አመል አለው፤ ወረቀት አይጥልም። የመብራቱ፣ የግብሩ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ ሳይቀር በየዓመቱ እየታሰረ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሚስቱ መርየም ትስቅበታለች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በደርግ ጊዜ አባቱን ከቤት የወሰዷቸው ባልተመዘገበ ጠመንጃ ምክንያት ነው። ጠመንጃው የእሳቸው እንኳ አልነበረም፤ እንግዳ ትቶት የሄደ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፤ ምን እንዳደረጓቸው ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ።

ነስሮ ራሱ አንድ አሮጌ ምንሽር አለው፤ ፈቃዱን በየጊዜው ያሳድሳል። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ከጋራው ጀርባ ከርከሮ እየወረደ ስለሚያወድምበት ጎህ ሲቀድ ወጥቶ አንድ ሁለት ይጥላል። ጎረቤቱም የለመደው ነገር ነው። ይህ ሁሉ ደህና ነበር፣ ናፊያ እስክትመለስ ድረስ።

ናፊያ ትልቋ ልጁ ናት። ርቃ ባገባችበት ከተማ ግርግር የተነሳ ቀን ባሏን ዓይኗ እያየ ተኩሰው ገደሉት። ሐረር የገባችው የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ባዶ እጇን ነው። በ2016 መስከረም ውስጥ ነስሮ ማሽላው ዳር አንድ ጥይት ሲተኩስ እሷ ቤት ውስጥ ወደቀች። ደም ፈሰሳት። ያየቻት ሐኪም "ጽንሱ ተርፏል፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ግን እንዳይደርስባት" አለች።

ያን ሳምንት ነስሮ ሱቁን ዘግቶ ከወዳደቀ ብረት አንድ ነገር ሠራ፤ በጠመንጃው አፍ ላይ የሚገጠም የድምፅ ማፈኛ። ማንም አላስተማረውም፤ ዕድሜውን በሙሉ ከሞተር ጩኸት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰበት። ከርከሮው ወደቀ። ቤት ሲገባ ናፊያ እሳት እያቀጣጠለች ነበር፤ ቀና ብላ "አባ፣ ቅድም በሩን ምነው በኃይል ዘጋኸው?" አለችው።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ያን ቀን ግን ምሳ አልበላም። ብረቷን በጨርቅ ጠቅልሎ ፊቱ አስቀመጠና ሲያያት ዋለ። ወረቀት የላትም።

በነጋታው ወደ ጦር መሣሪያ ምዝገባው ቢሮ ሄደ። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ዮዲ የምትባል ወጣት ናት፤ ፈቃድ ሊያሳድስ ሲመጣ ስለምታውቀው ፈገግ አለችለት።

"ጋሽ ነስሮ፣ እድሳትዎ ገና ነው እኮ።"

"ለእድሳት አይደለም ልጄ። አንድ ነገር ላስመዘግብ ነው።"

ጨርቁን ፈታው። ዮዲ ብረቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግሞ ብረቷን አየች። ምን እንደሆነች ሲነግራት ቅጽ አወጣች። ቅጹ ዓይነት፣ ቁጥር፣ የተሠራበት አገር ይላል።

"የተሠራበት አገር?"

"ሐኪም ጋራ።"

ሳቀች፤ እሱ አለመሳቁን ስታይ ግን ተወችው። ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ላይ ሰረዝ አደረገች። ከዚያ ቅጹንም ብረቷንም ይዛ ኃላፊው አቶ ሽፈራው ዘንድ ገባች።

አቶ ሽፈራው ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ነስሮን አስጠርተው አስቀመጡት።

"በእጅህ ነው የሠራኸው?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ይሠራል?"

"ይሠራል።"

ብረቷን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። "ለዚህ መመሪያ የለንም" አሉ በመጨረሻ። "ይፈቀድ ይከልከል እኔ ልወስን አልችልም፤ ለበላይ አካል እንጽፋለን። አንተ ማመልከቻ አስገባ። ለምን እንደሠራኸው፣ እንዴት እንደሠራኸው፣ አንድም ሳታስቀር ጻፍ። መልስ እስኪመጣ ንብረቱ አንተው ዘንድ ይቆይ። አትጠቀምበት፣ ለሰው አትስጥ፣ እንዳታጠፋውም።"

"ጌታዬ፣ እዚሁ ቢቀመጥ አይሻልም?"

"በምን ደንብ እንረከብሃለን?"

ነስሮ እንደታዘዘው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። የናፊያን ነገር ጻፈ፤ አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈ። ምንም አለመደበቁ ያኔ ትልቅ እፎይታ ሰጥቶት ነበር። ማኅተም ተመታበት፣ ቁጥር ተሰጠው። ሦስት ኮፒ አስነሳ፤ አንዱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ አንዱን ኪሱ አኖረ፣ ሦስተኛውን ጀጎል ለሚኖረው ለመርየም ወንድም ለዓብዱላሂ ሰጠው።

ከዚያ መመላለስ ሆነ። ጥቅምት ላይ ገና አልተላከም አሉት። ኅዳር ላይ ተልኳል። ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰው ስልጠና ሄዷል፤ ከስልጠና ሲመለስ ደግሞ ሲስተም የለም። ዮዲ ባየችው ቁጥር የምትነግረው ባይኖራትም ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ያን ዓመት ነስሮ ጠመንጃውን ከግድግዳው ስላላወረደ የማሽላውን ግማሽ ከርከሮ በላው። ብረቷ አልጋቸው ሥር ተቀምጣለች። መርየም እዚያ በኩል መጥረግ ትታለች።

"ገደል ክተታትና እንረፍ" አለችው አንድ ቀን።

"እንዳታጠፋ ተብያለሁ። ፈርሜያለሁ እኮ።"

"ለማይመልሱልህ ሰዎች?"

"ወላሂ መርየም፣ አሁን ብጥላት ደበቃት ነው የሚሉት።"

ጥር መጨረሻ ላይ ናፊያ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። አልሐምዱሊላህ ብለው ቤቱ ትንሽ ሞቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ነስሮ ማመልከቻውን ረስቶት ነበር።

የካቲት ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ አንድ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ፓምፕ አልያዘም። ጫማው ላይ አንዲት አቧራ የለችም፤ ፈላና በርን በእግሩ አቋርጦ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጫማ አይኖረውም።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ነስሮ።"

"ወዓለይኩም ሰላም። እንተዋወቃለን?"

"እኔ አውቅዎታለሁ። የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል።" ሰውዬው ወደ ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መፍቻዎች አንድ በአንድ አየ። "ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር አለበት። የልጅዎ ነገር አሳዘነኝ። ወለደች አይደል?"

ነስሮ እጁ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጠ።

"እንደዚያችው አድርገህ አንድ ሥራልኝ" አለ ሰውዬው።

"እኔ ፓምፕ ነው የምጠግነው።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ያቺን ለራሴ ነው የሠራኋት፤ ለመንግሥትም አሳውቄያለሁ። ሌላ አልሠራም።"

ሰውዬው አልተቆጣም። "እንግዲያው ወረቀትህ ትንሽ ይዘገያል" ብሎ ወጣ። አንቱታውን መሐል ላይ እንደተወው ነስሮ ልብ ያለው ከሄደ በኋላ ነው።

በዚያው ሰዓት ሱቁን ቆልፎ ቢሮ ሄደ። ዮዲ መዝገብ ቤት ገብታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። ዙሪያዋን አየችና በመስኮቱ ቀዳዳ ዝቅ ብላ፣ "ፋይልዎ ቦታው ላይ የለም" አለችው። "ያወጣው ሰው አልፈረመም። እባክዎ ጋሽ ነስሮ፣ እኔ ነገረችኝ እንዳይሉ።"

በግንቦት አብዱልፈታ የሚባል እህል ነጋዴ ጀጎል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መኪና ግርግር ከሚባለው የሰፊዎች መንገድ በምትገነጠል ቀጭን መተላለፊያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እየተጋፋ በሚያልፍበት ሰዓት። ከእሱ አሥር እርምጃ ርቀው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ከስፌት መኪናቸው ድምፅ በቀር የሰሙት ነገር የለም። ሰውየው ግንቡን ተደግፎ የተቀመጠ መስሏቸው ሁለት ሴቶች ሰላም ብለውት አልፈዋል።

ለነስሮ የደወለለት ዓብዱላሂ ነው። "ጥይት ነው ይላሉ፤ የሰማ ግን የለም" አለው። ከዚያ፣ "ያቺ ነገር የት ናት?"

ነስሮ ሐኪም ጋራ ድረስ እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። አልጋው ሥር ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። ጨርቁ አለ፤ ብረቷም ውስጡ አለች። መሬት ላይ ተቀምጦ ተነፈሰ። እፎይታው ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። እሷ እዚህ ካለች ሌላ ተሠርቷል ማለት ነው። አሠራሩ ደግሞ በሙሉ በእሱ እጅ ተጽፎ፣ ስሙና አድራሻው ከሥሩ ሰፍሮ፣ ማን እንደወሰደው በማይታወቅ ፋይል ውስጥ አለ።

"መጥተው ሳይወስዱኝ ራሴ እሄዳለሁ" አላት መርየምን። ብረቷን ይዞ ወረደ፤ ዓብዱላሂ መንገድ ላይ ጠብቆት እስከ ቢሮው በር ሸኘው፤ እሱ ውጭ ቆመ።

አቶ ሽፈራው ጨርቁን አይተው፣ "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"ያመለከትኩበት ነው ጌታዬ። ስምንት ወሩ።"

"ምን ማመልከቻ? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የለም።"

ነስሮ ከኪሱ ኮፒውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ማኅተሙ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ አለ። አቶ ሽፈራው አነበቡት። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፃቸው ጠየቁት።

"ሌላ ኮፒ አለህ?"

"አለ ጌታዬ።"

"የት?"

"ሰው እጅ።"

አቶ ሽፈራው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ዓብዱላሂ አጥሩ ጥግ ቆሞ ወደ እነሱ ያያል። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱለት፤ ዮዲን ጠርተው "ርክክብ አዘጋጂ" አሏት። ስምንት ወር ሙሉ ደንብ አልተገኘለትም የተባለው ነገር በአሥር ደቂቃ አለቀ። ነስሮ ሞዴል 19 ደረሰኙን ተቀብሎ ሲወጣ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ጠበቁት።

ስድስት ቀን አሰሩት። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ለማን ሠራህ? ሱቁ ስለመጣው ሰውዬ ጫማና ስለ ንግግሩ የተናገረውን አንደኛው መርማሪ ጻፈ፤ ሌላኛው አልጻፈም። በስድስተኛው ቀን ዓብዱላሂ ሦስተኛውን ኮፒ ይዞ ቀረበ፤ ነስሮ ከግድያው ስምንት ወር በፊት ራሱ ቀርቦ ያሳወቀ ሰው ነው ተብሎ በዋስ ተለቀቀ። የአብዱልፈታ ገዳይ አልተያዘም። ነሐሴ ላይ አቶ ሽፈራው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ መባሉን ሰማ።

ኅዳር 2017 ላይ ከቢሮው ቤቱ ደብዳቤ መጣለት። ካመለከተ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። "ያቀረቡት ጥያቄ እንዲታይ፣ የተጠቀሰውን ንብረት በአሥር ቀን ውስጥ ይዘው እንዲቀርቡ፤ ባይቀርቡ በሕግ የሚጠየቁ መሆኑን እናሳስባለን" ይላል።

ነስሮ ሞዴል 19ኙን ይዞ ዮዲ ፊት ቆመ። እሷም ደብዳቤውን አነበበች፣ ደረሰኙን አነበበች፣ ንብረት ክፍል ገባች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ አንድ ትልቅ መዝገብ ታቅፋለች። ገልጣ በጣቷ አንድ መስመር አሳየችው። ብረቷ ገቢ የሆነችበት ቀን አለ። ከእሱ ቀጥሎ፣ ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆናለች። የተረከበው ሰው ስም ክፍት ነው፤ ፊርማ ብቻ።

"የማን ፊርማ ነው?"

ዮዲ መዝገቡን ዘጋች። "ጋሽ ነስሮ፣ ይሂዱ" አለችው።

አዲሱ ኃላፊ ደረሰኙን አይቶ፣ በእጁ የሌለን ንብረት አምጣ እንደማይባል፣ ነገር ግን ንብረቱ እስኪገኝ ፋይሉ እንደማይዘጋ፣ ነስሮም በየወሩ እየቀረበ እንዲፈርም ነገረው።

በሳምንቱ ያ ሰው እንደገና ሱቁ በር ላይ ቆመ። ያው ጫማ። በዚህ ጊዜ አልገባም።

"እጅህ የተባረከ ነው" አለ። "የእኛ ሰዎች ያንተን ጽሑፍ እያዩ የሠሩት ሁለት ጊዜ ተኩሶ ተሰነጠቀ። ያንተዋ ግን ምንም አትል።" መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። "ልጁን ማን አላችሁት?"

ሰውዬው ፈገግ ብሎ፣ መልስም ሳይጠብቅ፣ ወደ ፈላና በር ሕዝብ መሐል ገባ።

ያን ቀን ከዓስር ሰላት በፊት መርየም፣ ናፊያና ሕፃኑ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ የመርየም እህት ዘንድ ይቆያሉ። ናፊያ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ገባች። ነስሮ ምንሽሩን ለቢሮው አስረከበ። እሱ ራሱ መሄድ አይችልም፤ በየወሩ መፈረም አለበት። ሱቁን ከፍቶ ይውላል፣ ገበሬው ሞተሩን ያመጣለታል፣ ያዳምጣል፤ አሁን አሁን ግን ቶሎ አይገባውም፤ መልሶ መላልሶ ያዳምጣል፣ መሐል ላይ ቀና ብሎ ወደ መንገዱ ያያል።

የታኅሣሥ ወር ፊርማ ቀን ሲደርስ ማልዶ ሄደ። መስኮቱ ላይ የማያውቀው ወንድ ተቀምጧል። ነስሮ ከፈረመ በኋላ ዮዲን ጠየቀ። ሰውዬው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "ዮዲ የምትባል ሠራተኛ እዚህ የለችም" አለው፤ "ቀጣይ!"