ሦስት ሚስኮል ከዳንግላ ገጠር

ሰኞ ጠዋት፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ

ወደ እንጅባራ የምሄደው ሰርቨር ላሳድግ ነው። ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚመጣ የስልክ ጥሪ ተቀብሎ ለሠራተኞች የሚያከፋፍል ኮምፒውተር ነው፤ ሶፍትዌሩም ማንም በነጻ ወስዶ እንዳሻው የሚያስተካክለው ዓይነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል የተከልኩት እኔ ነኝ። ሰሞኑን «ስንደውል መስመሩ ተይዟል ይለናል» የሚል አቤቱታ በዛ። ባለፈው ወር ደግሞ ዳንግላ ገጠር አንዲት ወላድ አምቡላንስ ሳይደርስላት ከነልጇ ሞተች። አባቷ ቢደውሉ ቢደውሉ መስመሩ ተይዟል አላቸው አሉ። 

ሻንጣዬ ውስጥ ተጨማሪ ሜሞሪና አንድ አዲስ ሰርቨር ይዣለሁ። መስመር ከሞላ ማስፋት ነው፣ ምን ያስጨንቃል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የሚኒባሱ ታሪፍ እጥፍ ሆኗል። ለምን ብዬ ብጮህ ረዳቱ «መንገዱን እያየሽ፣ እህቴ!» ብሎ ዘጋኝ። እውነቱን ነው። ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ፈተሹን። አንዱ ፈታሽ ሰርቨሩን ከካርቶኑ አውጥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስልክ የሚያነሳ ኮምፒውተር።»

«የማንን ስልክ?»

«ምጥ የያዛት ሴት ያለችበትን ቤት ስልክ» አልኩት በንዴት። ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከተተልኝ።

ዳንግላ ላይ ሽሮ አዝዤ ግማሹን ተውኩት። አዲስ ቅዳም ስንደርስ የከሰል ጆንያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል፤ አላፊ መኪና ግን ጥቂት ነው። እንጅባራ በካፊያ ተቀበለችን። ከብርዱ የተነሳ ለባጃጁ ሹፌር የምሄድበትን ስነግረው ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት፣ እንጅባራ

የማዕከሉ ኃላፊ ሲስተር ትሁን ናት። ሁለት ዓመት አብረን ስለሠራን እህትማማች ሆነናል። «ካርቶኑን ቶሎ ክፈቺው፣ እታለም» አለችኝ። እኔ ግን ልማዴ ነው፣ መጀመሪያ መዝገቡን አየሁ። ሰርቨሩ የገባውንና የወጣውን ጥሪ ሁሉ ይጽፋል።

በዚያ ቀን መስመሩ አልሞላም ነበር። አብዛኛው ባዶ ነው። ታዲያ ተይዟል ያላቸው ማን ነው? የአባትየውን ቁጥር ፈለግሁ። የመጀመሪያው ጥሪ አንዴ ጠርቶ ተዘግቷል። ሁለተኛው፣ ታግዷል። ሦስተኛው፣ ታግዷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ታግዷል። የታገደ ደዋይ ደግሞ ጆሮው ላይ የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ነው።

«ማነው ያገዳቸው?» አለች ትሁን።

ያገድኳቸው እኔ ነኝ። አምና እየደወሉ የሚዘጉ ቁጥሮች በዝተው ሰርቨሩን ሲያጨናንቁት፣ ቀልደኞች ናቸው ብዬ አንድ ደንብ ጻፍኩ፤ ደውሎ ዘግቶ ወዲያው የደገመ ቁጥር ለአንድ ቀን ይታገድ።

ትሁን ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «እኛ እኮ ነን ያስተማርናቸው! ካርድ ያነሰው ሚስኮል ያድርግ፣ መልሰን እንደውላለን። አንዴ ከሆነ በተራ፣ ሦስቴ ከሆነ ድንገተኛ ነው ብለን በየቀበሌው ተናግረናል። እኛ ጋ የታየን አንድ ብቻ ነው፤ ተራቸው ደርሶ ስንደውል ልጅቷ አልፋለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እኔም ተማሪ ሳለሁ ለእናቴ የማደርገው ሚስኮል ነበር። እየደወሉ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። ደንቡን ሰረዝኩት። በምትኩ ሦስቴ የጠራ ቁጥር ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ መልሶ ደውሎ ከሠራተኛዋ ጋር እንዲያገናኝ አደረግሁ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም።

«አባትየው ካርድ ባለመሙላታቸው ልጄን ገደልኩ እያሉ ነው» አለች ትሁን። «ግን ተይው፣ አትንገሪያቸው። እሷ እንደሆነ አትመለስ። ሰዉ ቢጣላሽስ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

ማክሰኞ፣ ዳንግላ ገጠር

ከዳንግላ የያዝነው ባጃጅ መንገዱ ካለቀበት ጥሎን ተመለሰ፤ ከትሁን ጋር ጭቃውን እየረገጥን በእግር ሄድን። የሟቿን አባት አቶ ታደገን በረት ሲጠርጉ አገኘናቸው። ትሁን በአዊኛ አናገረቻቸው፤ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «የስልኳ ባለሙያ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። በላስቲክ የጠቀለሏትን ስልክ ከኪሳቸው አወጡ።

«ሦስቴ አድርጉ ተባልን፣ ሦስቴ አደረግሁ። ዝም ሲሉ ከጎረቤት ተበድሬ ካርድ ሞላሁ፣ ደወልኩ፣ ተይዟል አለ። መጀመሪያውኑ በኪሴ ካርድ ቢኖር ልጄ ውዴ አትሞትም ነበር።»

«አይደለም፣ አባቴ። እርስዎ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። መስመሩ አልተያዘም ነበር። ሦስቴ የሚደውለውን ሰው ቀልደኛ ነው ብዬ የዘጋሁበት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

መጥረጊያውን ጥለው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ደንቡን እንደሰረዝኩት ነግሬያቸው ቁጥሬን ስልካቸው ላይ መዘገብኩላቸው፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ከተቀመጡበት «በይ ሂጂ፣ መኪና ሳያመልጥሽ» አሉ። ይቅር አላሉኝም፣ አልረገሙኝምም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ባሕር ዳር፣ ቤቴ

አዲሱ ሰርቨር ከካርቶኑ ሳይወጣ ተመልሶ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጧል። ሰርቨር ማሳደግ የማይከብደኝ ባለሙያ ነኝ፤ ያቃተኝ ስልክ የምታነሳዋን ሴት «ሰዉ እንዴት ነው የሚደውልላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለችልኝ ግን ውዴ ናት።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ አንዴ ጠርቶ ዝም አለ። ደገመ። ሠለሰ። የአቶ ታደገ ቁጥር ነው። ወዲያው መልሼ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ። እዚያ ማዕከሉ ላይ ሦስቴ አድርጌ ነበር፣ ልየው ብዬ።»

«እሺ?»

«ደወሉ» አሉ። «ስልኩን ገና ኪሴ ሳልከት ደወሉ እኮ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ልቅሷቸውን ሰማሁ። እሳቸው እስኪዘጉ ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።